ምዕራፍ ሦስት ዳንግላ ሲደርስ

ከባሕር ዳር በእንጅባራና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አስፋልት የአዊዋን ከተማ ዳንግላን አቋርጦ ያልፋል። በችሎት ቀን ጠዋት ከየቀበሌው የመጣው ባለጉዳይ ከመኪና ወርዶ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ፍርድ ቤቱ ያመራል። ማመልከቻ ጸሐፊው ጃንጥላውን ዘርግቶ ይጠብቀዋል። አንዱ ድንበሬን ተገፋሁ ብሎ ያስጽፋል፤ ሌላዋ የልጆች ቀለብ ትጠይቃለች። ምግብ በፌስታል ቋጥረው፣ ፖሊስ ይዞት የሚመጣውን ልጃቸውን የሚጠባበቁ እናት አይጠፉም። ወሬው በአማርኛም በአዊኛም ነው።

ጠዋት ከሚቀርቡት መዝገቦች አንዱ ብዙውን ጊዜ የጊዜ ቀጠሮ ነው። መርማሪው ፖሊስ ምርመራው እንዳላለቀ ገልጾ 14 ቀን እንዲጨመርለት ይጠይቃል። ተጠርጣሪው ዋስ አለኝ፣ የምሸሽበት የለኝም ይላል። ዳኛው የሁለቱን ሰምተው ይወስናሉ። በአገሪቱ ባሉ ወረዳዎች ሁሉ የሚታይ የዘወትር ሥራ ነው፤ ጉዳዩ ከደቂቃዎች በላይ ላይወስድም ይችላል።

ዳኛው ግን በእነዚያ ደቂቃዎች የሚሠሩበት ሕግ አንድ ብቻ አይደለም። የ14 ቀኑ ቀጠሮ የመጣው በ1954 ዓ.ም. ከወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 ነው። ተጠርጣሪው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረውና በዋስ የመፈታት መብት እንዲኖረው ያደረገው ደግሞ የ1987ቱ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ነው። ይህ አንቀጽ ያለው ከአንቀጽ 13 እስከ 44 በሚዘልቀው ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ሲሆን፣ ምዕራፉ የአገራችን የመብቶች ሰነድ ነው።

ሕገ መንግሥቱና ምክር ቤት ያወጣው አዋጅ ሲስማሙ የዳኛው ሥራ ቀላል ነው። ሳይስማሙ ሲቀሩስ? ዳኛው የሕዝብ ተወካዮች ድምፅ የሰጡበትን አዋጅ ይከተሉ? ወይስ ከአዋጁ በላይ ነው የተባለውን ሕገ መንግሥት? ላለፉት 30 ዓመታት በፓርላማና በፍርድ ቤት መካከል ያለውን ግንኙነት የቀረጸው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

የሰኔ 1993 ፈተና

ጥያቄው በአደባባይ የተነሣው በዋስትና ጉዳይ ነው። በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ከተከፈለ በኋላ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ። ጉዳዩን ያዩት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲፈቱ አዘዙ። አቶ ስዬ ግን ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ።

ቀጥሎ የመጣው የፓርላማው ምላሽ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በዚያው ሰኔ የጸረ ሙስናውን ልዩ የሥነ ሥርዓት ሕግ በአዋጅ ቁጥር 239/1993 አሻሻለ። ማሻሻያው በሙስና ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በዋስ አይለቀቅም የሚል ነበር። አቶ ስዬም ለስድስት ዓመታት ያህል በእስር ቆይተው በ1999 ዓ.ም. ተፈቱ። ወይዘሪት ብርቱካን ዳኝነቱን ትተው ወደ ፖለቲካው ገቡ፤ በኋላም የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ።

የሰዎቹ ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለተነገረ የሕጉ ጥያቄ ተሸፍኗል። አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው ከደነገገ በኋላ፣ በሕግ በተመለከቱ ልዩ ሁኔታዎች ዋስትና ሊከለከል እንደሚችል ይፈቅዳል። ከልካዩ ማን እንደሆነም ይናገራል፤ ፍርድ ቤት ነው። ፓርላማው ልዩ ሁኔታዎቹን ይዘረዝራል፤ ዳኛው የቀረበለትን ሰው ሁኔታ መዝኖ ይወስናል። ድንጋጌው ለሁለቱም ተቋማት የየራሳቸውን ድርሻ ሰጥቷል ማለት ነው። የ1993ቱ ማሻሻያ ግን የዳኛውንም ድርሻ ወደ ምክር ቤቱ አዛወረው። ምክር ቤቱ ማንነታቸውንም ማስረጃቸውንም ያላየላቸውን ተጠርጣሪዎች ሁሉ አስቀድሞ ዋስትና ነፈጋቸው።

ምክር ቤቱ በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 434 ከዚህ አቋሙ በከፊል ተመለሰ። ክሱ ከ10 ዓመት በላይ የማያስቀጣ ከሆነ ፍርድ ቤት ዋስትና ሊፈቅድ እንዲችል አደረገ። ማስተካከያው መልካም ነው፤ በመካከሉ ያለፉት አራት ዓመታት ግን ሊዘነጉ አይገባም። በእነዚያ ዓመታት በአዋጁ የታሰረ ሰው ጉዳዩን ያየለት ዳኛ ቢኖርም፣ ዋስትና ይገባዋል ወይ ብሎ የመመዘን ሥልጣን ያለው ዳኛ አልነበረውም።

ትርጓሜውን ለማን እንስጥ?

አገራችን መብትን በሕገ መንግሥት መጻፍ የጀመረችው በ1987 ዓ.ም. አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት ስለ ሕዝቡ መብትና ግዴታ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነበረው። ሆኖም «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ያ ምዕራፍ መንግሥትን ለመሞገት አላገለገለም። በ1979 ዓ.ም. የወጣው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥትም ትርጓሜውን ለመንግሥት ምክር ቤት እንጂ ለዳኞች አልሰጠም።

ከደርግ በኋላ በአቶ ክፍሌ ወዳጆ የተመራው የሕገ መንግሥት ኮሚሽን ሦስት መንገዶች ነበሩት። ትርጓሜውን ለመደበኛ ፍርድ ቤቶች መስጠት፣ እንደ ጀርመን ራሱን የቻለ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ማቋቋም፣ ወይም ሥልጣኑን ለብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች መስጠት ይቻል ነበር። የተመረጠው ሦስተኛው ነው። ሕገ መንግሥቱ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ፣ የመጨረሻውን ቃል መናገር ያለባቸው ባለቤቶቹ ናቸው የሚለው ክርክር ሚዛን ደፋ። ሕዝብ ያልመረጣቸው ጥቂት ዳኞች በትርጓሜ ስም ሕገ መንግሥቱን እንዳይለውጡት የሚል ስጋትም ነበር።

በዚህ መሠረት የመተርጎም ሥልጣን በአንቀጽ 62 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ተሰጠ። እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወንበር ስላለው የአዊም ተወካይ በዚያ ይቀመጣል። የፌዴሬሽን ምክር ቤቱን በሙያ የሚረዳው 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትና ምክትላቸው ይመሩታል፤ ስድስቱ የሕግ ባለሙያዎች፣ ሦስቱ ከፌዴሬሽን ምክር ቤቱ የሚወከሉ ናቸው። ምክር ቤቱ የጉባኤው ሐሳብ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕገ መንግሥቱ ያዝዘዋል። ሆኖም በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲሰበሰብ የሚጠበቅ ትልቅ ሸንጎ ነው። ለታሰረ ሰው ጥያቄ ይህ ረጅም መንገድ ነው።

የአደረጃጀቱ ሐሳብ ክብር ያለው ነው፤ ለአዊም ሆነ ለሌሎች ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ያስገኘውን ድምፅ ማቃለል አይገባም። ችግሩ ያለው ለጋራ መብት ተብሎ የተመረጠው ዳኛ ለግለሰብ መብትም ዳኛ በመሆኑ ነው። ተወካዮቹን የሚልኩት ክልሎች ሲሆኑ፣ ክልሉንም ፌዴራሉንም አንድ ፓርቲ ወይም አንድ ግንባር በሚመራበት ዘመን ሕጉን ያወጣውና የሚመረምረው ወገን ተመሳሳይ ይሆናል። የዚህ ዓይነቱ ቤት የራሱን ወገን አዋጅ ለመሻር የሚያነሣሳው ምክንያት ትንሽ ነው።

የሌሎች አገሮች መልስ

የመብቶች ሰነድ ያለው አገር ሁሉ ይህን ጥያቄ መመለስ ነበረበት። አሜሪካ በ1803 እ.ኤ.አ. በማርበሪና ማዲሰን ጉዳይ ሥልጣኑ የፍርድ ቤት ነው አለች። ደቡብ አፍሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ ፍርድ ቤቱ ሕግ እንዲሽር ፈቅዳ፣ ፓርላማው ስሕተቱን የሚያርምበት ጊዜ እንዲሰጠው አመቻቸች። የካናዳው የ1982 እ.ኤ.አ. ቻርተር ሕግ አውጪው አንዳንድ መብቶችን ለአምስት ዓመት ገደብ ወደ ጎን እንዲያደርግ ይፈቅዳል፤ ግን ይህን እንደሚያደርግ በግልጽ አውጆ፣ በመራጩ ፊት ኃላፊነቱን ወስዶ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስተምረው የእንግሊዝ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም በዚያም ፍርድ ቤት የፓርላማን ሕግ መሻር አይችልም። የ1998 እ.ኤ.አ. የሰብአዊ መብቶች ሕግ ለዳኞች ሁለት ነገር ሰጠ። አንደኛው፣ በተቻለ መጠን ማንኛውንም ሕግ ከመብቶቹ ጋር አስማምቶ የመተርጎም ግዴታ ነው። ሁለተኛው፣ ማስማማት ካልተቻለ ሕጉ ከመብቶቹ ጋር እንደሚጋጭ በይፋ የመናገር ሥልጣን ነው። ፓርላማው በ2001 እ.ኤ.አ. በሽብር የተጠረጠሩ የውጭ ዜጎችን ያለ ክስ ላልተወሰነ ጊዜ ማሰር የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች በስምንት ድምፅ ለአንድ ሕጉ ከመብቶቹ ጋር እንደሚጋጭ ተናገሩ። ሕጉ በዚያ ቀን አልተሻረም። ቢሆንም ፓርላማው በማግሥቱ ዓመት በሌላ ሕግ ተካው።

ለንደን ያንን ሕግ ያወጣችው አዲስ አበባ የዋስትና ክልከላውን ባወጀችበት በዚያው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። በሁለቱም አገሮች ዳኛ ሕግ መሻር አይችልም ነበር። የለንደኖቹ ዳኞች ግን የሚያስቡትን በፍርዳቸው ጽፈው ፓርላማውን መልስ ሰጪ አደረጉት። ፍርድ ቤት ሕግ መሻር ባይችል እንኳ ጥያቄውን ጮክ ብሎ ማንሣት ከቻለ መብት ጠባቂ አያጣም።

ዝም ያለው ችሎት፣ የተናገረው ችሎት

የእኛ ፍርድ ቤቶች ለምን ዝም አሉ? ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫው በተካሄደበት ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና አካባቢዋ ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍ አገዱ። ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ እገዳው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አቤት አለ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ራሱ ከማየት ይልቅ ወደ አጣሪ ጉባኤው መራው፤ ጉባኤውም እገዳው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም በሚል ዘጋው። አንቀጽ 84 ወደ ጉባኤው ይሄዳል የሚለው ግን የፌዴራል ወይም የክልል ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል የሚል ክርክር ሲነሣ ነው። የሰልፉ እገዳ የአስፈጻሚው ትእዛዝ እንጂ ፓርላማ ያወጣው አዋጅ አልነበረም። ዳኞቹ ራሳቸው ሊያዩት ይገባ ነበር ብለው የሚከራከሩ ምሁራን ጠንካራ መሠረት አላቸው።

በተቃራኒው የቆሙ ውሳኔዎችም አሉ። የሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሕፃን አሳዳጊነትን በሚመለከት ጉዳይ፣ የአንቀጽ 36ን የሕፃናት ደኅንነትና አገሪቱ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ የሥር ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ ሻረ። በወቅቱ በሥራ ላይ በነበረው አዋጅ ቁጥር 454/1997 የሰበር ትርጓሜ የሥር ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድድ ስለነበር፣ ያ ውሳኔ ዳንግላ ያለውንም ዳኛ ይመለከታል። ችሎቱ አዋጅ አልሻረም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱንም ሥልጣን አልነካም። መብትን እንደ ሕግ አነበበ፤ ያ በቂ ነበር።

የፌዴሬሽን ምክር ቤቱም ቢሆን ሁልጊዜ ፊቱን አላዞረም። በ1996 ዓ.ም. አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ያለ ፈቃዷ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተዳኘችበትን የውርስ ጉዳይ ተመልክቶ፣ እስከ ሰበር የጸናውን ውሳኔ ሽሮላታል፤ አንቀጽ 34 የተከራካሪዎችን ፈቃድ ይጠይቃልና። ለአዊ በሚቀርበው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ በ1992ቱ ምርጫ የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አታውቁም ተብለው ከዕጩነት የተከለከሉ፣ አገዎችም የነበሩባቸው አመልካቾች ጥያቄ አቅርበው ነበር። ምክር ቤቱ በ1995 ዓ.ም. የምርጫ ሕጉን ሳይሽር፣ የክልሉን የሥራ ቋንቋ አማርኛን ማወቅ ለክልል ምክር ቤት ዕጩነት እንደሚበቃ ወሰነ። ሕጉ ቆሞ ትርጓሜው ጠበበ፤ የመመረጥ መብትም ተጠበቀ።

ከእነዚህ ታሪኮች የምንረዳው አንድ መሠረታዊ ልዩነት ነው። ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭን ሕግ ውድቅ የማድረግ ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት ግን በአንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 1 በየደረጃው ላሉ ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና የዳኝነት አካላት ሁሉ ተሰጥቷል። የወረዳ ዳኛም ከእነዚህ አንዱ ነው። ለዓመታት ሁለቱ ተቀላቅለው፣ ሕግ መሻር የማይችል ዳኛ ሕገ መንግሥቱን መጥቀስም የማይችል ይመስል ነበር። ይህ ፍርሃት ምዕራፍ ሦስትን ከፍርድ ቤት ዘግቶበት ኖሯል።

ፓርላማው ራሱ ይህን ልዩነት በሕግ ማወቁ ተስፋ ይሰጣል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በምዕራፍ ሦስት ያሉትንና በፍርድ ሊታዩ የሚችሉትን መብቶች የማስከበር ሥልጣን በግልጽ ሰጥቶታል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያና ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲመረመር በር ከፍቷል። ያ በር የሚጠቅመው ዳኞች ሲጠቀሙበትና ዜጎች ሲያንኳኩት ነው።

መብት በሚታገድበት ጊዜ

የመብቶች ሰነድ ክብደት የሚለካው በሰላም ቀን ብቻ አይደለም። በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በሐምሌ 2015 መጨረሻ የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የተወካዮች ምክር ቤት በነሐሴ አጸደቀው፤ በጥር 2016 ደግሞ ለአራት ወራት አራዘመው። አዊም በዚህ አዋጅ ሥር ከኖሩት አካባቢዎች ነው።

አንቀጽ 93 በእንዲህ ያለው ጊዜ ከቶ የማይነኩትን ይዘረዝራል፤ የመንግሥቱ ስያሜ፣ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18፣ የእኩልነት መብት እና የብሔረሰቦች መብት በአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2። የ48 ሰዓቱ ድንጋጌና የዋስትና መብት በዝርዝሩ የሉም። የሕይወት መብት እንኳ አልተጠቀሰም። ስለዚህ በአስቸኳይ ጊዜ የግለሰቡ ዋና ጠባቂ እንዲሆን የታሰበው ፓርላማው ራሱ ነው። አዋጁን የሚያጸድቀው እሱ ነው፤ ሰባት አባላት ያሉትን መርማሪ ቦርድ የሚሰይመውም እሱ ነው። ቦርዱ የታሰሩትን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ሕገ መንግሥቱ ያዝዛል። ፍርድ ቤት ኃይሉ በሚቀንስበት ጊዜ የምክር ቤቱ ኃላፊነት በዚያው ልክ ይከብዳል። እያንዳንዱ የምክር ቤት አባል ይህን ግዴታ ሳይዘነጋ ሊሠራ ይገባል፤ ያ የታሰረ ሰው ከመራጩ አንዱ ነውና።

የዳንግላ ድርሻ

ይህ ሁሉ የአራት ኪሎ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለውን የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ይመልከት። ክልሉ የራሱ የመብቶች ምዕራፍ አለው፤ የአዊን ብሔረሰብ አስተዳደርና ምክር ቤትም ያቋቋመው ይኸው ሰነድ ነው። ክልላዊውን ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የክልሉ ምክር ቤት አይደለም፤ የክልሉ ፍርድ ቤትም አይደለም። ከብሔረሰብ ምክር ቤቶችና ከየወረዳው ምክር ቤት በሚወከሉ ሰዎች የሚቋቋም የሕገ መንግሥት ተርጓሚ ኮሚሽን ነው። ባሕር ዳር ላይ የወጣ አዋጅ ከክልሉ ሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል ሲባል፣ ከሚፈርዱት አንዱ የወረዳው ምክር ቤት የሚልከው ሰው ነው።

ይህ ከባድ አደራ ነው። የክልል አዋጅ የገበሬውን ቤት ምን ያህል ሊያናውጥ እንደሚችል ጎጃም ያውቃል። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ ልዩ ልዩ አካባቢዎች በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ፣ «ቢሮክራሲ» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የሚል ስም የተሰጣቸው ገበሬዎች ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ሲወሰን፣ ለሌሎች የተፈቀደው ጣሪያ ሦስት ሄክታር ነበር። አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ባለ በሁለት ዓመት ውስጥ ማለት ነው። ገበሬዎች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ጮኹ፤ ጥያቄው እስከ አጣሪ ጉባኤው ደርሷል። ያን ጊዜ መሬቱን የሚያጣው ሰው በቅርቡ ያለው ዳኛ ምዕራፍ ሦስትን ገልጦ ጥያቄ የሚያነሣለት መሆን ነበረበት።

ይህን ለመጀመር አዲስ ሕገ መንግሥት መጠበቅ አያስፈልግም። የወረዳ ዳኛ በጊዜ ቀጠሮ ትእዛዙ ላይ የሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 59 ሲጠቅስ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19ም ይጥቀስ፤ 14 ቀኑ ለምን እንደሚያስፈልግ ፖሊስ እንዲያስረዳው ያድርግ። ጠበቃ አዋጁ ከመብት ጋር ይጋጫል ብሎ ካመነ ክርክሩን በጽሑፍ ያንሣ፤ ዳኛውም ካመነበት ነጥቡን ለይቶ ወደ አጣሪ ጉባኤ ይላክ። ጉባኤው ትርጉም አያስፈልግም ቢል እንኳ ቅር ያለው ወገን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ እንዲል አንቀጽ 84 ይፈቅድለታል። የወረዳው ምክር ቤት ወደ ተርጓሚ ኮሚሽኑ የሚልከውን ሰው በስም ለሕዝቡ ያሳውቅ፤ ሕዝቡም ምን እንደወሰነ ይጠይቀው።

የመብቶች ሰነድ ፓርላማንና ፍርድ ቤትን የሚያገናኛቸው ሁለቱም ሲናገሩ ነው። ፓርላማው ሕግ ያወጣል፤ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ከሰው ጉዳይ ጋር አገናኝቶ ያየዋል፤ መብት ሲነካ ያገኘው እንደሆነ በጽሑፍ ይናገራል፤ ፓርላማውና ተርጓሚው አካል መልስ ይሰጣሉ። ከእነዚህ አንዱ ዝም ካለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የተበጠሰው በፍርድ ቤት በኩል ነው፤ ለዚህም ምክንያቱ የሥልጣን እጦት ብቻ አይደለም፤ ያለንን ሥልጣን አለመጠቀማችንም ነው። አንቀጽ 13 በአዲስ አበባም በዳንግላም ያለው ቃል አንድ ነው፤ ዳንግላ ያለው ዳኛም ከዛሬ ጀምሮ ሊጠቅሰው ይችላል።